አክተር አያብድም

የቪዲዮ ቤት ሕግ በወረቀት ተጽፎ አይቼ አላውቅም፤ ሕጉን የማያውቅ ተመልካች ግን አልነበረም። አክተር አይሞትም። ከሞተም ክፍል ሁለት አለው። አክተሩ የጠረጠረው ሰው ጥፋተኛ ነው፤ አክተሩ የወደዳት ልጅ ንጹሕ ናት፤ አክተሩ አየሁ ያለው ነገር የታየ ነገር ነው። ራምቦም ቫንዳምም በዚሁ ሲተዳደሩ ኖረዋል። አሚታብ ባቻን «ሾሌይ» ላይ መሞቱን እስከ ዛሬ ያልተቀበሉ፣ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች አውቃለሁ። «እሱ የተበላሸ ኮፒ ነው» ብለው ነው የሚያልፉት።

ይህን ሕግ ያፈረሰው የአእምሮ ሕመም ፊልም ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአክተሩ ጋር ያሯሩጧችኋል፣ ሰው ያስጠረጥሯችኋል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ያስደነግጧችኋል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች «ይቅርታ፣ ጓደኛው የሚባል ሰው የለም፤ ልጅቷም ከሞተች ቆይታለች፤ ፖሊስ ያላችሁት ሰውዬም ታካሚ ነው» ይሏችኋል። ዐዋቂዎቹ ሥነ ልቦናዊ ትሪለር ይሉታል። ቪዲዮ ቤቶቹ ደግሞ በር ላይ በሚያቆሟት ጥቁር ሰሌዳ «ልብ አንጠልጣይ» ብለው በጠመኔ ይጽፉ ነበር። እኔ ዘርፉን ከልቤ እወደዋለሁ፤ እሱ ግን አይወደኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጥራቴን ፍቀዱልኝ፤ ፊልሞቹ የእነሱ ናቸው።

በሥራ ምክንያት ደሴ የምኖርበት ጊዜ ነበር። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱ ላይ ሲተኛ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ዘመድ ይሁን አበዳሪ ሳይለይ ነው ሰላም የሚባባለው። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ፣ መጋረጃው ጥቁር ጨርቅ፣ መቀመጫው ሱሪ የሚይዝ አግዳሚ። ባለቤቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ሁለት ሁለት ብር ይሰበስቡና፣ ፊልሙ ሲጀምር ገብተው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ያስተረጉማሉ። እንግሊዝኛውን የት እንደተማሩት ብጠይቃቸው «ከዚሁ» ብለው በአገጫቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አሳይተውኛል።

አንድ ቅዳሜ ሰሌዳዋ ላይ «የእብዶች ደሴት፤ የታይታኒኩ ልጅ የሠራበት፤ 8 ሰዓት፤ በትርጉም» የሚል ወጣ። ማርቲን ስኮርሴዚ በ2010 ያቀረበው «ሸተር አይላንድ» ነው፤ ዴኒስ ሌሄን በ2003 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ። ዘመኑ 1954 ነው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የፌዴራል ፖሊስ ሆኖ ከአንድ ባልደረባው ጋር ከቦስተን ማዶ ወዳለች ደሴት በጀልባ ይሄዳል። ደሴቲቱ ላይ ወንጀል የሠሩ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል አለ፤ አንዲት ታካሚ ከተቆለፈ ክፍል ውስጥ ጠፍታለች። ፊልሙ የሚጀምረው ጀልባዋ ከጉም ውስጥ ብቅ ስትል ነው፤ የደሴ ሰው በዚህ ምን ይገረማል? «የእኛው ሰፈር ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

አስተርጓሚያችን ሥራ ጀመሩ። «ይሄ ልጅ ከመርከቡ አደጋ ተርፎ ፖሊስ ገብቷል» አሉ። ለዚያ ነው መሰል ጀልባው ላይ ሲያስመልሰው ሁሉም አዘነለት።

ፊልሙ ጥሩ ሄደ። ዋሻ ውስጥ ተደብቃ የተገኘችው ሴት፣ እዚህ ሐኪም ነበርኩ፣ በሰው አእምሮ ላይ የሚሠሩትን ስደርስበት እብድ አሉኝ ስትል ቤቱ በቁጣ ተነሣ። አክተሩ ጠባቂውን ጥሎ፣ ጠመንጃውን ነጥቆ፣ ምሥጢሩ ሁሉ አለበት ወዳለው የመርከብ መብራት ማማ ገባ። ደረጃውን እየተጠማዘዘ ወጣ፤ ወጣ፤ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀጥ አለ። ዲቪዲው ነው። ባለቤቱ አወጡት፣ እፍ አሉበት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መለሱት። ዲካፕሪዮ አሁንም እግሩን እንዳነሣ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ብር ይመልስ ነበር። እሳቸው ግን ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙና የቀረውን በቃላቸው ነገሩን። አክተሩ በሩን በእግሩ በርግዶ ይገባል፤ ዋናውን ዶክተር ያንቀዋል፤ የታሰሩት ይፈታሉ፤ የዋሻዋ ሴት ወጥታ ትመሰክራለች፤ ዶክተሩ 25 ዓመት ይፈረድበታል። ከዚያ ይጋባሉ። ቤቱ አጨበጨበ።

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ዝም ማለት ይቻል ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ መጨረሻው እንደዚያ አይደለም» አልኩ።

«እና እንዴት ነው?»

«ሰውየው ፖሊስ አይደለም። እዚያው ሆስፒታል ሁለት ዓመት የተኛ ታካሚ ነው። ሚስቱ ታማ ልጆቻቸውን ውኃ ውስጥ ገደለቻቸው፤ እሱ ደግሞ እሷን ገደላት። ያንን መሸከም ሲያቅተው ነው የፖሊሱን ታሪክ የፈጠረው። ባልደረባው የምትሉት የራሱ ሐኪም ነው። ሐኪሞቹ ከሕመሙ እንዲነቃ ብለው ቲያትር ሠርተውለት ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ታዲያ አብዷል ነው የምትለው?»

«ታሟል።»

«አክተሩ?»

«አዎ።»

«አክተር ያብዳል እንዴ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እዚያ ላይ ትቼ ብወጣ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ማስረጃ አለኝ ብዬ ተነሣሁ። ፊልሙ ውስጥ አክተሩ አንዲትን ታካሚ ሲጠይቃት ውኃ ይምጣልኝ ትላለች፤ ባልደረባው ብርጭቆ ያመጣላታል፤ ወደ አፏ አንሥታ ስትጠጣ ግን እጇ ባዶ ነው። ልብ ካላሉት በቅጽበት ያልፋል። ስኮርሴዚ ሆን ብሎ ያስቀመጠው ነው፤ ልጆቹ በውኃ የሞቱበት ሰው ዓይን ውኃውን አላይም እንዳለ አድርገው ብዙዎች ይተረጉሙታል። ይህን ለማስረዳት ከአግዳሚው ተነሥቼ፣ የሌለ ብርጭቆ ወደ አፌ አስጠግቼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ጠጣሁ። መልሼም አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበረው ልጅ ያስቀመጥኩበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ አየ።

ይህም አልበቃኝም። ሰሌዳዋን ከውጭ አስገባሁ። የአክተሩ ስም ኤድዋርድ ዳኒየልስ ነው፤ ቤቴን አቃጠለ ብሎ የሚያሳድደው ሰው ደግሞ አንድሩ ሌዲስ ይባላል። የሁለቱ ስሞች የእንግሊዝኛ ፊደሎች አንድ ናቸው፤ ያው 13 ፊደል ቦታ ተለዋውጦ ነው። ሰውየው የሚያሳድደው ራሱን ነው። አንዱን ስም ከላይ፣ አንዱን ከታች ጽፌ ፊደሎቹን በመስመር ማገናኘት ጀመርኩ። ስጨርስ ሰሌዳዋ የሸረሪት ድር መስላለች። አስቡት እንግዲህ፤ ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ከሌለ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ በጠመኔ መስመር እያሰመረ «ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው!» የሚል ጎልማሳ።

ባለቤቱ ቀስ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። «ወንድሜ፣ ሻይ ይምጣልህ፣ ተረጋጋ» አሉ። «ተረጋግቻለሁ!» አልኩ፤ ድምፄ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚመሰክረው። ቆሎ የሚሸጡት እናት «ልጄ፣ እዚህ ከተማ ዘመድ አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ለሌላው «አሁን ነው የጀመረው ወይስ ድሮም ነበረበት?» ይላል።

የዋሻዋ ሴት ይህንን ተናግራዋለች። አንዴ እብድ ከተባልክ የምታደርገው ሁሉ ማስረጃ ይሆንብሃል፤ ብትከራከር ሕመሙን ካደ ትባላለህ፤ ብትፈራ ጥርጣሬ በሽታ ሆነበት ትባላለህ። የሚያስቀው ነገር፣ እሷ ራሷ የአክተሩ ቅዠት ናት። ቅዠት የተናገረችውን ነገር ደሴ ላይ በአካል ቀመስኩት። «ጋስላይት» የተባለው የ1944 ፊልም ላይ ኢንግሪድ በርግማን የምትደርስበትም ይኸው ነው። ባሏ የተደበቀ ጌጥ ፍለጋ ማታ ማታ ጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል ይወጣል፤ እሱ እዚያ የጋዝ መብራት ሲያበራ የእሷ ክፍል መብራት ይደክማል። መብራቱ ደከመ ስትል አሞሻል ትባላለች። ጤነኛ ሴት ናት፤ ነገር ግን በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቶ አሞሻል ካለ ጤንነቷን በምን ታስመሰክር? በርግማን በዚህ ሥራዋ ኦስካር ወሰደች። እኔ የወሰድኩት ስኳር የበዛበት ሻይ ነው።

መጨረሻውን ነክቶ ታሪኩን የገለበጠ ሰው ግን ከደሴው ባለ ቪዲዮ ቤት በፊትም ነበር። የዚህ ዘርፍ አያት የሚባለው የጀርመኑ «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ነው፤ 1920፣ ድምፅ አልባ፣ ዳይሬክተሩ ሮበርት ቪነ። ቤቶቹ ዘመዋል፣ መስኮቶቹ ተንጋደዋል፣ ጥላው ሳይቀር በቀለም የተቀባ ነው። አንድ ዶክተር በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰው እያዘዘ ሰው ያስገድላል። ደራሲዎቹ ሃንስ ያኖቪትስና ካርል ማየር ታሪኩን የጻፉት አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግሥት ነው፤ ያኖቪትስ ኋላ እንደተናገረው እብዱ ሥልጣን የያዘው ነው ለማለት ነበር ሐሳባቸው። ፊልሙ ሲወጣ ግን ከፊትና ከኋላ ሌላ ትዕይንት ተቀጥሎበታል፤ ታሪኩን የሚነግረን ወጣት ራሱ ታካሚ ሆኖ ተገኘ፤ ጨካኙ ዶክተር ደግሞ የሆስፒታሉ ደግ ኃላፊ ሆኖ አረፈው። ያኖቪትስ ያለ ፈቃዳችን ነው የተደረገው ብሎ ሲማረር ኖሯል። ከብዙ ዓመት በኋላ የተገኘው የጽሑፉ ቅጂ ነገሩን አወሳስቦታል፤ እሱም ላይ ተራኪ አለ፤ ያ ተራኪ ግን እንግዶቹን አስቀምጦ ያለፈ ታሪክ የሚያወራ ጤነኛ ሰው ነው። የደሴው ዲቪዲ ከ90 ዓመት በኋላ ያኖቪትስን ክሶታል ማለት ነው፤ ዶክተሩ ጥፋተኛ እንደሆነ ቀረ።

ሂችኮክ የፊልም መጨረሻ የሚበላሽበትን አደጋ ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶቹን አስገድዷል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ተመልካች ባሻው ሰዓት ገብቶ፣ ከመሀል ጀምሮ አይቶ፣ የጀመረበት ጋ ሲደርስ ተነሥቶ መሄድ ለምዶ ነበር። ስለ ገላ መታጠቢያው ትዕይንት ብዙ ተብሏል፤ የስለት ምቱ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው፣ ትዕይንቱን ለመቅረጽ ሳምንት ፈጅቷል፣ ደሙም ቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቅበታል። እኔን የሚያበሳጨኝ መጨረሻው ነው። ገዳዩ ኖርማን ቤትስ ከተያዘ በኋላ አንድ የአእምሮ ሐኪም ይመጣና ክፍሉ መሀል ቆሞ፣ ልጁ እንዴት እናቱን እንደሆነ እንደ ፈተና መልስ ይዘረዝራል። እስኪ ማን ጠየቀው? የእኛ አስተርጓሚ ቢሆኑ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጨርሱት ነበር፤ ያውም ሰርግ ጨምረውበት።

ወደ ደሴ ልመለስ፤ ነገሩ አላበቃም። እልህ ያዘኝ። ሙሉውን ፊልም ከአዲስ አበባ በፍላሽ አስመጣሁ፤ ማጫወቻው የፍላሽ መሰኪያ የለውም። ላፕቶፕ ተዋስኩ፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ታጣ። ገመድ ተገኘ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ዲካፕሪዮ ጠመንጃውን ይዞ የማማውን ደረጃ መውጣት ጀመረ፤ መብራት ሄደ።

የዚያን ማታ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «መጨረሻ የለውም እያልንህ!» ይላሉ። ቆሎ ሻጯ በጨለማ ውስጥ «ልጄ፣ ተወው፣ አትጨናነቅ» አሉኝ፤ ከምር አዝነውልኛል። ወደ ቤቴ ስሄድ ጉሙ ወርዶ ነበር፤ የምሬን ነው፣ ያንን መጨረሻ አይቼዋለሁ ወይስ እኔው ፈጥሬዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ጓደኛዬ ጋ ደውዬ እስኪያረጋግጥልኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በኋላ መብራት በመጣበት ቀን ፊልሙ እስከ መጨረሻው ታየ። ማማው ውስጥ ዋናው ዶክተር ስሞቹን በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ፊደሎቹ አንድ መሆናቸውን ልክ እኔ እንዳደረግኩት ሲያሳይ «አያችሁ!» ብዬ ዘለልኩ። ማንም አልዘለለም። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዶክተሩ ዋሽቶ አሳመነው» አሉ። አንዱ ወጣት «ሲጋራቸው መድኃኒት አለበት ብላ ዋሻ ውስጥ ነግራው ነበር እኮ፤ አልሰማም!» ብሎ ተቆጨ። «የፊልሙ መጨረሻ አሳመናችሁ?» ስላቸው «አንተንም አሳምነውሃል» ሆነ መልሱ። በማግሥቱ ሰሌዳዋ ላይ «የእብዶች ደሴት ክፍል 2፤ ዶክተሮቹ ሲበቀሉ» ተብሎ ተጻፈ፤ ሰው እንደገና ሁለት ሁለት ብር ከፍሎ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው ሙሉ በሙሉ አልፈርድባቸውም። ፊልሙ የቆመበት 1954 ለአእምሮ ሕክምና መስቀለኛ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ነው ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው፤ ዛሬም እዚህ ያሉ ሐኪሞች ያውቁታል። ከዚያ በፊት የነበረው ሎቦቶሚ ነው፤ አንጎልን ከፊት በኩል መበጠስ። ለዚህ ሥራው ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1949 ኖቤል ተሸልሟል፤ ስንቱን ሰው ዝምተኛ ግንድ አድርጎ እንዳስቀረ ዓለም ያወቀው ቆይቶ ነው። ስለዚህ የደሴ ሰው «እነዚህን ሐኪሞች አላምናቸውም» ሲል ታሪክ ከጎኑ ነበር። ፊልሙም ይህን ያውቃል፤ ሐኪሞቹን በሎቦቶሚና በመድኃኒት መካከል አስቀምጦ ነው የሚያከራክራቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ እነዚህ ፊልሞች ሕመሙን ሲያሳዩ የሚዋሹት ለዓይናችን ሲሉ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2001 የወጣው «ኤ ቢውቲፉል ማይንድ» ላይ አብሮት የሚኖር ጓደኛ አለው፣ የጓደኛው የእህት ልጅ የሆነች ትንሽ ልጅ አለች፣ የመንግሥት ሰላይ አለ፤ ሦስቱም የሉም። ትንሿ ልጅ በርግብ መንጋ መሀል ስትሮጥ አንዲትም ርግብ አትነሣም፤ መጀመሪያ ሳያት ርግቦቹን ለማዳ አድርጌ አለፍኳቸው። ግሩም አሠራር ነው። እውነተኛው ናሽ ግን ድምፅ ነበር የሚሰማው፤ የሚታየው ሰው አልነበረም። ስኪዞፍሬንያ ባለበት ሰው ላይ በብዛት የሚያጋጥመውም ድምፅ መስማት ነው። ድምፅ ብቻ የሚሰማ ሰው ደግሞ ለሲኒማ ምን ይጠቅማል? ሬዲዮ ድራማ ነው የሚሆነው። ሌላም አለ። ፊልሙ ላይ ናሽ ኖቤሉን በ1994 ሊቀበል ሲል አዳዲሶቹን መድኃኒቶች እንደሚወስድ ይናገራል፤ እውነተኛው ሰው ከ1970 በኋላ መድኃኒት አልወሰደም። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን የለወጡት አይቶ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ታካሚ እንዳይኖር ሰግተው እንደሆነ ይነገራል። ይህችኛዋን ውሸት እኔ ይቅር ብያለሁ።

የሕንዶቹ መንገድ ለእኛ ይቀርባል። በ2007 የወጣውን «ቡል ቡላያ»ን አስታውሱ፤ በ1993 በማላያላም ቋንቋ ከተሠራው «ማኒቺትራታዙ» የተቀዳ ነው። አዲስ ሙሽራ አሮጌ ቤተ መንግሥት ትገባለች፤ የሞተች ጨፋሪ መንፈስ ያዛት ይባላል። እኛ ቤት ሲታይ ገና በመሀሉ ዛር ነው ተብሎ ተፈርዶ ነበር። አክሻይ ኩማር የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ይመጣና ሕመም ነው ይላል። የወደድኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ሐኪሙ የሃይማኖት አባቱን ከቤት አያባርራቸውም፤ አብረው መላ ይመታሉ፤ ሥርዓቱም ሕክምናውም በአንድ ሌሊት ይካሄዳል። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት በኋላ አማኑኤል ሆስፒታል ይዞ የሚመላለስ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ይህን ፊልም ያለ ትርጉም ይረዳዋል። ሕክምናው በጭፈራ መሀል በአንድ ሌሊት ማለቁ ነው እንጂ ችግሩ።

የማልምረው አንድ ዓይነት አለ። በ2016 የተሠራው «ስፕሊት» ላይ ጄምስ ማካቮይ 23 ማንነት ያለው ሰው ነው፤ 24ኛው አውሬ ሆኖ ይመጣና ሰው ይበላል። ትወናው ያስደንቃል፤ በአንድ ፊት ላይ ሕፃኑም ሴትዮዋም ሲለዋወጡ ልብስ መቀየር እንኳ አያስፈልገውም። ግን ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ሲወጣ ጀምሮ ተቃውመውታል፤ እውነት አላቸው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቃት የሚደርስበት እንጂ ጥቃት የሚያደርስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰው ጠይቀዋል። ከባድ ሕመም ያለባቸውን አገኟቸው፤ አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። ለመደበቂያ ማማ አልነበራቸውም፣ ሰሌዳ ላይ የሚፈታ የስም እንቆቅልሽም አልነበራቸውም። እንዲህ ያለውን ሰው ፊልም የሚያደርገው የለም፤ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ የሚገለጥ ምሥጢር የለውም።

ምሥጢር ሳይኖረው የሠራ አንድ ሰው አውቃለሁ። ፈረንሳዊው ፍሎሪያን ዜለር በ2012 የጻፈውን ተውኔት በ2020 «ዘ ፋዘር» ብሎ ፊልም አደረገው። አንቶኒ ሆፕኪንስ የመርሳት ሕመም የያዛቸው አዛውንት ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ በ83 ዓመቱ ኦስካር ወስዶበታል፤ በምርጥ መሪ ተዋናይነት እንደሱ አርጅቶ የተሸለመ አልነበረም። ፊልሙን ስከፍት የአባቴ ታላቅ እህት አጠገቤ ነበሩ። እትዬ አሁን እኔ ጋ ነው የሚኖሩት። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «ነጠላዬን ማን ወሰደው?» ይላሉ፤ ሠራተኛዋን ይጠረጥራሉ፤ አመሻሽ ላይ እኔን በአባቴ ስም ይጠሩኛል። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ እኔም አላስተረጎምኩም።

ሽማግሌው ሰዓታቸው ይጠፋባቸዋል፤ አስታማሚዋ ሰርቃኝ ነው ይላሉ። ድምፅ ሰምተው ወደ ሳሎን ሲወጡ የማያውቁት ሰው ተደላድሎ ጋዜጣ ያነባል፤ እዚህ ነው የምኖረው ይላቸዋል። ልጃቸው ከገበያ ትመለሳለች፤ የገባችው ግን ሌላ ሴት ናት፤ በእርግጥም ሌላ ተዋናይት ናት። ማንኛዋ ትክክል እንደሆነች ፊልሙ አይነግረንም።

«ይሄ ሰውዬ ምን ቤት ነው?» አሉ እትዬ። «ሰው ቤት ገብቶ ጋዜጣ ያነባል?»

«አማቻቸው ነው መሰለኝ።»

«አይደለም። ሰዓቱንም እሱ ነው የወሰደው።»

«እትዬ፣ ሰዓቱን ራሳቸው ናቸው መታጠቢያ ቤት የደበቁት።»

«አንተ ምን ታውቃለህ! ቤቱ ራሱ እኮ የእሳቸው አይደለም። ግድግዳውን አታየውም? ወንበሩን ቀይረውባቸዋል!»

ፊልሙን አቁሜ ወደ ኋላ መለስኩት። እውነታቸውን ነው። ያው ኮሪደር፣ ያው በር፤ ግን ዕቃው ተለውጧል፣ የግድግዳው ቀለም ሌላ ነው፣ ወጥ ቤቱ ያኛው ወጥ ቤት አይደለም። ዜለር ተመልካቹ ሳያውቀው ቤቱን እያፈረሰ ነው የሚሠራው። እኔ ሰውየው ታመዋል ብዬ ስላየሁ ግድግዳውን አላየሁትም። እትዬ ሰውየውን አምነዋቸው ስለነበር አዩት። ፊልሙ ሲያልቅ «አሁን ወደ ቤታቸው ይመልሷቸው» ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውንም ፈለጉ።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ምረጥ የሚለኝ ካለ «ዘ ፋዘር»ን እመርጣለሁ፤ «ሸተር አይላንድ» በሰፊ ልዩነት ሁለተኛ ነው፤ «ስፕሊት» ይቅርብኝ። «ዘ ፋዘር» 97 ደቂቃ ነው። ቤታችሁ እንደ እትዬ ያሉ ሰው ካሉ ለብቻችሁ አትዩት፤ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው፤ ስለ ግድግዳው የሚሉትንም ስሟቸው።